«ግማሹ ክፍል አልገባውም»

ሰሞኑን የምናውቃቸው ሰዎች ልጅ ደወለችልኝ። እዚሁ ለንደን የሚዲያ ትምህርት ትማራለች። «ጋሼ፣ የሁለት ደቂቃ የትሪለር፣ ያው ልብ የሚሰቅል ፊልም፣ መክፈቻ ሠርተን ጨረስን። አሁን ደግሞ ራሳችሁ ገምግሙት ተብለናል። ምን ብዬ ልጻፍ? ጥሩ ነው ልበል?» አለችኝ።

ላኪልኝ አልኳትና አየሁት። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጥያቄዋ ግን አንድ ልጅ አስታወሰኝና እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ካሜራ ለያዛችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ከኤዲቲንግ ሥራ ከወጣሁ በኋላ እዚህ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚዲያ ክፍሉ ቴክኒሻን ነበርኩ። ካሜራ አበድራለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የጠፋ ፋይል እፈልጋለሁ። ነጥብ የሚሰጡት መምህራኑ ናቸው። ልጆቹ ግን ነጥብ ስለማልሰጥ ነው መሰለኝ ወደ እኔ ይጠጉ ነበር። ያኔ ኦሲአር የተባለው የፈተና ቦርድ የሚጠይቀው ከ2 ደቂቃ ያልበለጠ የአዲስ ፊልም መክፈቻ ነበር፣ ከነርዕሱ። ከ100 ነጥብ 20 ለጥናትና ዝግጅት፣ 60 ለፊልሙ፣ 20 ለግምገማው። ከዚያ በፊት ደግሞ መለማመጃ ነበረ። አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ክፍሉን አቋርጦ ሌላ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ሞክሩት። በአንዱ ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ በቀዳው አንድ ምስል፣ እጀታውን በቀኝ እጁ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ሾት በግራው ይዞት ታገኙታላችሁ። ካሜራው በሁለቱ ሰዎች መካከል አለ ተብሎ የሚታሰበውን መስመር ተሻግሮ ሁለቱ ሰዎች እየተነጋገሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ።

አብዛኛው ቡድን ትሪለር ይመርጣል። ሁዲ የለበሰ ሰው፣ በመንገድ ሥር የሚያልፍ ጨለማ መተላለፊያ፣ የምትሮጥ ልጅ፣ ከኢንተርኔት የወረደ የልብ ምት ድምፅ። በየዓመቱ ያው ነው። እኔም እያየሁ ሻይዬን እጠጣለሁ።

አንድ ዓመት ግን አንድ ዝምተኛ ልጅ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። የሚኖረው በመንግሥት ኪራይ ቤት ነው። እንደዚያ ያሉ ብዙ ቤቶች ውስጥ መብራቱ ቅድመ ክፍያ ነው። ቁልፍ የምትመስል ነገር ይዘህ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ታስሞላለህ፣ መጥተህ ቆጣሪው ላይ ትሰካለህ። ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ማታ ቤቷ ትገባለች። ማብሪያውን ትጫናለች፣ አይበራም። አትደነግጥም፣ ትበሳጫለች እንጂ። በስልኳ መብራት ቆጣሪው ወዳለበት ቁም ሣጥን ትሄዳለች። ካሜራው ቆጣሪው ላይ ይቆማል። 7 ፓውንድ ከምናምን ይላል። ሂሳብ አለ። ከዚያ ዋናው ማጥፊያ ይታያል፣ ወደ ታች ወርዷል። ልጅቷ እጇን ትዘረጋና ሳትነካው ትተወዋለች። ቀስ ብላ ወደ ኮሪደሩ ትዞራለች። ርዕስ።

ሙዚቃ የለውም። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ቴሌቪዥን ብቻ ይሰማል። ያ ቴሌቪዥን ብልሃቱ ነበር፤ መብራት የጠፋው የእሷ ቤት ብቻ ነው ማለት ነዋ።

ክፍል ውስጥ ታየ። ግማሹ ተማሪ «እና ምን ተፈጠረ?» አለ። ቁልፏን ይዘው ሱቅ ተልከው የሚያውቁት ግን ጸጥ አሉ። አንዷማ ጮክ ብላ ተሳደበች። እኔ ገና ቁጥሩን ሳይ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤትን መስኮት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከጨለመ ችግር የለም፣ ሻማ ፍለጋ ነው። የጎረቤት እየበራ የእኛ ብቻ ሲጠፋ ነው የሚያሰጋው። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ሌሊት መኪና ሲመጣ አባቴ ሬዲዮኑን ይዘጋ ነበር። መኪናው ሲያልፍ አይደለም የምንፈራው። ሲቆም ነው። ማን ደጃፍ ላይ እንደቆመ በጆሯችን እንለካ ነበር።

የትሪለር ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ ያስረዳው ነገር አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡን አስቀድሞ ካየው ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። የዚያ ልጅ ቦምብ 7 ፓውንዷ ነበረች፤ ሂሳብ እያለ መብራቱን ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነዋ።

ግምገማው ላይ ሰባት ጥያቄ ነበር። አንዱ ተመልካችህ ማነው የሚል ነው። ልጁ ከማስረከቡ በፊት አምጥቶ አሳየኝ። የጻፈው በግምት እንዲህ ነበር፦ ግማሹ ክፍል አልገባውም። እንደዚህ ዓይነት ቆጣሪ በሌለበት ቤት ያደገ ሰው አይገባውም። የገባቸው ግን ፈርተዋል። ለማን እንደሠራሁት ያወቅኩት አሁን ነው።

«ነጥብ ያስቀንስብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ለስለስ አድርገው» አልኩት። ሌሎቹ እንደሚጽፉት ጻፈው፣ ተመልካቹ ወዶታል፣ ደብዛዛ መብራት ተጠቅመን ውጥረት ፈጥረናል በል አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። እንዳልኩትም ጻፈ። ሳልጠይቀው ደግሞ ርዕሱ ላይ «ቡም» የሚል ድምፅ ጨምሮ አመጣው። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ቀየረ፣ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የቀየረው በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ያ ዕድሜ ብዙ ነገር የሚቀየርበት ነው። ግን ያቺን አንቀጽ ያስጠፋኋት እኔ ነኝ።

የዛሬ ልጆች እንደሱ ዓይነት አንቀጽ ለመጻፍ ትፈራላችሁ። ድሮን አላችሁ፣ ስልካችሁ እኛ ከምንሠራበት ካሜራ የተሻለ ምስል ይቀዳል፣ ሾታችሁ ማስታወቂያ ይመስላል። ሰው አልገባኝም ሲላችሁ ግን «ሄተር»፣ ምቀኛ፣ ትሉታላችሁ። ለአምስት ሰከንድ ዝምታ ትዕግስት የላችሁም፣ ወዲያው ሙዚቃ ትከምሩበታላችሁ። እርግጥ ሙዚቃን በጅምላ መርገም አልችልም። «ሳይኮ» በተባለው ፊልሙ ላይ ሂችኮክ ራሱ የሻወሩ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ሙዚቀኛው በርናርድ ኸርማን ግን የቫዮሊኑን ጩኸት ጽፎ አሰማውና ሐሳቡን ቀየረ። አሁን ያንን ትዕይንት ያለዚያ ጩኸት ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ከላይ ያልኩትን ግማሹን ተዉት። እኛም በጊዜያችን ከህንድና ከአሜሪካ ፊልም ያልሰረቅነው ነገር አልነበረም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ስለ ሾት ዓይነትና ስለ መብራት መምህርሽ ነግራሻለች፣ እኔ አልደግመውም። ታሪኩን የማያውቁ ሰዎች ሰብስቢ፤ ጓደኞችሽ አይሆኑም፣ ያዝኑልሻል። ፊልሙን ስታሳዪ አንቺ ስክሪኑን አትይ፣ የእነሱን ፊት እዪ። ስልኩን ያወጣ ካለ ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደሆነ ጻፊ። ሲያልቅ «ወደዳችሁት?» ብለሽ እንዳትጠይቂ። «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ለማን ፈራችሁ?» በያቸው። መልሳቸውን እንዳለ ገልብጪው፣ ቢያናድድሽም።

ፊልማችሁን በተመለከተ፣ ቢላው ገና በ10ኛው ሰከንድ መታየቱ አልተመቸኝም። በሩ ሥር ከእናትየዋ ጫማ ጎን የተቀመጠው የማይታወቅ የወንድ ጫማ ግን ድንቅ ነው። ከእናንተ ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ይለኛል። የሚታየው ለአፍታ ብቻ ነው፣ እኔም ያየሁት ሁለተኛ ስደግመው ነው። ፊልሙን አስረክባችኋል፣ ከእንግዲህ ማርዘም አይቻልም። ስለዚህ ግምገማው ላይ ጻፊው፦ ጫማው ላይ ቶሎ ቆረጥን፣ ካሳየናቸው ስድስት ሰዎች ያስተዋሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው ብለሽ። ስድስትና ሁለት ያልኩት ግን ለምሳሌ ነው። ሰዎቹን በእውነት ሰብስቢና የራስሽን ቁጥር አስገቢ።