«ክላስ 60 ልግዛ ወይ?» ላልከው፦ መጀመሪያ በዝግታ ሲሄድ እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ጠረጴዛ ላይ የዘረጋኸው የኦኦ ሞዴል ባቡር ሀዲድ (ከእውነተኛው 76 ጊዜ የሚያንሰው መጠን) አለ፤ ከብሪታንያ ከባድ የጭነት ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ክላስ 60ን መርጠሃል፤ ያገለገለው በርካሽ ተገኝቷል፣ አዲሱ ግን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ከእኔ በፊት የመለሱልህ አባላት ስለ መስታወት መጥረጊያው፣ ስለ እጀታውና ስለ በሩ መሰላል ብዙ ብለዋል። እውነት ነው፣ ያምራሉ። ነገር ግን የጭነት ሎኮሞቲቭ ሞዴል የሚመዘነው በዝግታውና ከኋላው በሚጎትተው ነገር ነው ባይ ነኝ።

ብሪታንያ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚመላለሱት የድንጋይ ከሰል ባቡሮች ሲጭኑም ሲያራግፉም አይቆሙም ነበር። ፉርጎዎቹ በማራገፊያው ላይ በሰዓት 1 ማይል ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት እየተሳቡ ሆዳቸው ይከፈትና ከሰሉ ይወርድ ነበር። ይህን ወደ 1 ለ 76 መጠን ስታወርደው በሴኮንድ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እውነተኛው ሎኮሞቲቭ 21.34 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ በዚያ ፍጥነት የራሱን ርዝመት ለማለፍ 45 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከሀዲዱ አጠገብ እርሳስ አቁምና ሰዓት ይዘህ ተመልከት። አፍንጫው እርሳሱ ጋ ደርሶ ጅራቱ እስኪያልፍ ድረስ ሳይንገጫገጭ፣ ሳይቆም፣ ብልጭታ ሳያሳይ ከተሳበ ጥሩ ዕቃ ነው። ቆም ብሎ ድንገት የሚዘል ከሆነ ግን መሰላሉ ከወርቅ ቢሠራም አልገዛውም። ላይኛውን ፍጥነትም አትርሳ፦ ክላስ 60 በሰዓት ከ60 ማይል በላይ አይሄድም፤ በሞዴል ሲሰላ በሴኮንድ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ሜትር ሀዲድ ለማቋረጥ ስድስት ሴኮንድ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ እጥፍ ያስሮጠውና «መጫወቻ ይመስላል» ብሎ አምራቹን ይወቅሳል።

በርካሽ ያገኘኸው ሊማ የተባለው የሞዴል አምራች የድሮ ሥራ ከሆነ፣ ሞተሩ በአንደኛው ቦጊ (ጎማዎቹን በያዘው ተሽከርካሪ ማዕቀፍ) ውስጥ ብቻ የተቀበረ ክብ ዓይነት ነው። ሌላው ቦጊ ዝም ብሎ ይከተላል። እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የላስቲክ ቀለበት ይደረግለታል፤ ላስቲክ ደግሞ ከሀዲዱ ኤሌክትሪክ አይወስድም። የአሁኖቹ ግን ሞተራቸው መሐል ላይ ተቀምጦ በሁለቱም በኩል በካርዳን (በሚሽከረከር ዘንግ) ሁለቱንም ቦጊዎች ያዞራል፤ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ብረት ስላለም ቆሻሻ ሀዲድ ላይ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ በግፊቱ ያልፈዋል።

ስለ ክብደት አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ። እውነተኛው 129 ቶን ገደማ ነው። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ እያንዳንዳቸው 76 ጊዜ ስለሚያንሱ ክብደቱን ሦስት ጊዜ ለ76 ማካፈል አለብህ፤ የሚወጣው ከ300 ግራም በታች ነው! ያን ያህል ብቻ የሚመዝን ሞዴል ረጅም ባቡር አይጎትትም። ለዚህ ነው ጥሩ አምራቾች ሻንሲውን ብረት አድርገው ከዚያ በጣም የሚያከብዱት። ሱቅ ከሄድህ ሳጥኑን ሳይሆን ሎኮሞቲቩን አንሥተህ እጅህ ላይ መዝነው። የክላስ 60 ዋና ዝና ሀዲድ ቆንጥጦ መያዙ ነውና። ብራሽ ኩባንያ ከ1989 እስከ 1993 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዟ ሎፍቦሮ መቶውን ሎኮሞቲቮች ሲሠራ፣ ስድስቱ የጎማ ሞተሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቁጥጥር እንዲደረግባቸው አድርጎ ነው፤ አንዱ ጎማ ሊንሸራተት ሲል የእሱ ኃይል ብቻ ይስተካከላል። እንዲህ ያለው ማሽን በሞዴል መልክ ስድስት ታንከር (የነዳጅ ፉርጎ) ፊት ቆሞ ጎማውን ሲያሽከረክር ማየት ያሳፍራል።

ድምፅ ያለውን ልትገዛ ካሰብህ ጆሮህን አቅና። ሚርሊስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሞተሩ 3,100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን ስምንት ትልልቅ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረውበታል፤ ረጋ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ አለው። ከእሱ በኋላ የመጣው የጭነት ሎኮሞቲቭ የክላስ 66 ባለ ሁለት ምት ሞተር ድምፅ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የዚያ ድምፅ የተጫነበት ክላስ 60 ብትሰማ ገንዘብህን ኪስህ መልሰው።

አሁን ወደ ቁጥሩና ወደ ቀለሙ። ብዙዎች ቀለሙን ወደው ይገዙና በኋላ ከየትኛው ፉርጎ ጋር እንደሚሄድ ይቸገራሉ። አንተ ዓመቱን አስቀድመህ ቁረጥ። 1992ን ከመረጥህ ሎኮሞቲቩ ባለ ሦስት ግራጫ መሆን አለበት፤ ጎኑ ላይ ያለው ምልክትም ሥራውን ይናገራል፦ ጥቁር አልማዝ ለከሰል፣ ሰማያዊና ቢጫ ሞገድ ለነዳጅ። ስለዚህ የሞገዱን ምልክት የለጠፈ ሎኮሞቲቭ ከሰል ሲጎትት አልፎ አልፎ ያጋጠመ ቢሆንም ሁልጊዜ እንዲያ ካደረግኸው ዓይን ይቆረቁራል። በ1994 የባቡር ጭነት ሥራው ለሦስት ድርጅቶች ሲከፋፈል የአንዱ፣ የሎድሆል፣ ጥቁርና ብርቱካንማ መጣ፤ ከ1996 በኋላ ደግሞ ኢደብሊውኤስ የተባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ጥቁር ቀይና ወርቃማ። ክላስ 66 ከካናዳ መግባት የጀመረው በ1998 ስለሆነ ከዚያ በፊት ባለው ትዕይንት ጎን ለጎን አታቁማቸው። ስሞቹም ተቀያይረዋል፤ ቁጥሩ 60006 የሆነው ሎኮሞቲቭ ሲወጣ «ግሬት ጌብል» የሚባል የተራራ ስም ነበረው፣ በኋላ የብሪቲሽ ስቲል ብረት ኩባንያን ሰማያዊ ቀለም ለብሶ «ስካንቶርፕ አይረንማስተር» ተባለ። ስሙን ብቻ አይቶ ዓመቱን የሚገምት ሰው እዚህ ቡድን ውስጥ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ እንደሚያልፍህም አትተማመን።

መታጠፊያህ ከ438 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያነሰ ከሆነ ባለ ስድስት አክስል ሎኮሞቲቭ ያስቸግርሃል። ከሞዴሉ ጋር በከረጢት የሚመጡትን የፍሬን ቱቦዎች በሁለቱም ጫፍ አትግጠማቸው፤ ማያያዣው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ይመታቸዋል። ፉርጎ በማይታሰርበት በኩል ብቻ በወረንጦ ይዘህ በጥቂት ማጣበቂያ ግጠም። የኦኦ ሀዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር መሆኑንና ትክክለኛው 18.83 መሆን እንደነበረበት የሚነግሩህ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከፊት ስታየው እግሩ የጠበበ ይመስላል፤ ነገር ግን ሀዲድህን በሙሉ ካልቀየርህ በስተቀር መፍትሔ የለውምና ተወው።

ስለዚህ ሊማውን ለመስኮት ጌጥ ካልሆነ አልመክርህም። አዲሱ ከከበደህ ሆርንቢ የተባለው የሞዴል አምራች ከ2005 ገደማ ጀምሮ ያወጣውን ያገለገለ ፈልግ፤ ከዋጋው የሚተርፈው ገንዘብ ታንከር ይግዛልህ። ስምንት ባለ ቦጊ ታንከሮች ከሎኮሞቲቩ ጋር ሁለት ሜትር ያህል ይሞላሉ፤ ለአንተ ጠረጴዛ ይበቃል። ሻጩን ግን ፎቶ አትጠይቀው። ወደፊትም ወደኋላም፣ ያለ ፉርጎ፣ በዝግታ ሲሳብ የሚያሳይ ቪዲዮ አስልክና እዚህ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።