የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሊኑክስ ላይ የትኛውን ብራውዘር ልጠቀም?

ጥያቄ፦ 4 ጊጋባይት ራም ባለው የቆየ ላፕቶፔ ላይ በቅርቡ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩ። አብሮት የመጣውን ፋየርፎክስ ኮምፒውተሩን እንዳበራሁ ስከፍተው በጣም ይዘገያል። ጓደኞቼ «ክሮምን ጫንና ተገላገል» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ ብሬቭን፣ ቪቫልዲንና ኤጅን ያነሳሉ። በእርግጥ ይለያያሉ? ለእኔስ የሚሻለው የትኛው ነው?

መልስ፦ የጠቀሷቸው ስሞች ብዙ ይምሰሉ እንጂ ውስጣቸው ሲታይ ምርጫው ይጠባል። የድረ ገጹን ኮድ አንብቦ በስክሪን ላይ የሚያሳየው የብራውዘሩ ክፍል ሞተር ይባላል፤ ክሮም፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲና ኤጅ አራቱም የሚሠሩት ብሊንክ በተባለው በአንድ ሞተር ሲሆን፣ ፋየርፎክስ ግን ጌኮ የሚባል የራሱ ሞተር አለው። ስለዚህ ከክሮም ወደ ብሬቭ የሚዛወር ሰው በዋናነት የሚለውጠው የሥራውን ባለቤት፣ አብረው የሚመጡትን አገልግሎቶችና የግል መረጃ አያያዙን እንጂ ገጹ የሚታይበትን መንገድ አይደለም። በነገራችን ላይ የብሊንክ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከሊኑክስ ተጠቃሚዎች ሰፈር ነው፤ የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚያዘጋጀው የኬዲኢ ፕሮጀክት ለኮንከረር ብራውዘር ካዘጋጀው ሞተር አፕል ዌብኪትን አወጣ፣ ከዌብኪት ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ብሊንክን ለየ።

የእርስዎን ፋየርፎክስ መዘግየት በተመለከተ ግን ከብራውዘሩ ይልቅ የተጫነበትን መንገድ እጠረጥራለሁ። ኡቡንቱ ከ22.04 እትም ወዲህ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው ስናፕ በተባለው የፓኬጅ ዓይነት ነው። ስናፕ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር በአንድ የታመቀ ጥቅል ይይዘዋል፤ ሲሠራም ከቀሪው ሲስተም አጥሮ ያስኬደዋል። ይህ ለደኅንነት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከታመቀው ጥቅል መነበብ ስላለበት፣ በተለይ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ መዘግየቱ ጎልቶ ይሰማል። ዘግተው መልሰው ሲከፍቱት ቢፈጥን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ማንኛውም ፕሮግራም በሁለተኛው ጊዜ ይፈጥናልና። አስተማማኙ ማረጋገጫ ያንኑ ፋየርፎክስ በሌላ ፓኬጅ ጭኖ ማወዳደር ነው።

ለዚህም ሞዚላ ለኡቡንቱና ለመሠረቱ ለዴቢያን ራሱ የሚያዘጋጀው የዴብ (የእነዚህ ሲስተሞች የተለመደው ዓይነት) ፓኬጅ ማከማቻ አለ፤ የአጫጫኑ መመሪያም በሞዚላ የእገዛ ገጽ ላይ ይገኛል። ሁለት ነገሮችን ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ለሞዚላ ማከማቻ ቅድሚያ የሚሰጠውን የመመሪያውን ክፍል አይዝለሉ፤ ያለበለዚያ ሲስተሙ መልሶ ስናፑን ሊያመጣብዎ ይችላል። ሁለተኛ፣ በስናፕ የተጫነው ፋየርፎክስ ዕልባቶችንና የይለፍ ቃሎችን የሚያስቀምጠው በራሱ የስናፕ ማህደር ውስጥ ስለሆነ፣ እነዚህን በሞዚላ አካውንት ሳያመሳስሉ ወይም ሳይገለብጡ የድሮውን እንዳያጠፉ። ከፋየርፎክስ ሸሽተው የክሮም መሠረት የሆነውን ክሮሚየምን ከኡቡንቱ ማከማቻ ለመጫን ቢያስቡም የሚያገኙት ያው ስናፕ ነው። ክሮም ራሱ ግን ከጉግል በዴብ ፓኬጅ ይወርዳል፤ ጓደኞችዎ «ክሮም ይፈጥናል» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ራምን ካነሳን፣ ከትልልቆቹ ብራውዘሮች መካከል ቀላል የሚባል የለም። ሁሉም ለደኅንነት ሲሉ የተለያዩ ድረ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች (ለየብቻ በሚሠሩ የፕሮግራሙ ክፍሎች) ስለሚከፍቱ፣ በ4 ጊጋባይት ላይ ከብራውዘሩ ስም በላይ የሚወስነው የታቦቹ ብዛትና በየገጹ የሚጫነው የማስታወቂያ ኮድ ነው። እኔ ለእርስዎ ዓይነት ማሽን ፋየርፎክስን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ማስታወቂያ አጋጅ በፋየርፎክስ ላይ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ፣ ጉግል የኤክስቴንሽን (በብራውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሕጉን በመለወጡ በክሮም ላይ የሚሠራው አቅሙ የተቀነሰው እትም ብቻ ነው። ብሬቭ ከብሊንክ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ ማገጃውን በራሱ ውስጥ ስለሠራው ይህ ችግር ብዙም አይነካውም። ከክሪፕቶ ገንዘብ ጋር የተያያዙት ተጨማሪዎቹ ለእኔ አይጥሙኝም፤ ግን ማጥፋት ይቻላል።

ቪቫልዲ ቅንብር መነካካት ለሚወድና ሰፊ ራም ላለው ሰው የሚሆን ነው። ኤጅ የሚጠቅመው በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚሠራ ሰው ነው። ክሮሚየም ምንጩ ክፍት ቢሆንም፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 የማመሳሰል አገልግሎቱን ስለዘጋበት ስልኩ ላይ ክሮም ላለው ሰው አይመችም።

እንግዲህ ፋየርፎክስን በዴብ ፓኬጅ ይጫኑ፤ ለብሊንክ ብቻ ተብለው ለሚሠሩ አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ ብሬቭን ወይም ክሮምን በመጠባበቂያነት ይያዙ። ሁለት ብራውዘር መያዝ ምንም ነውር የለውም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካልከፈቱ ራምዎንም አይሻሙም።

ጥያቄ፦ በባለ 32 ቢት ሊኑክሴ ላይ ክሮም አልጫን አለኝ። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ ጉግል ለ32 ቢት ሊኑክስ ክሮምን ማዘጋጀት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ የፋየርፎክስ መደበኛ እትምም ከ144 በኋላ ይህን ዓይነት ሲስተም አይደግፍም። መጀመሪያ የፕሮሰሰርዎን ሞዴል ያጣሩ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሳለ 32 ቢት ሲስተም የተጫነበት ኮምፒውተር ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ከሆነ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ባለ 64 ቢት ሊኑክስን እንደ አዲስ ቢጭኑ ችግሩ ይቃለላል። ፕሮሰሰሩ ራሱ 32 ቢት ከሆነ ግን የደኅንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ብራውዘር የባንክና የኢሜይል አካውንትዎን ባይከፍቱ ይመረጣል።