«ዲድ» ካለ «ዌንት» ለምን አይመጣም? (መልስ)
ሰላም የደብረ ማርቆሱ ወንድሜ። በእንግሊዝኛ «አልሄድኩም» ለማለት «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ለምን ስህተት ይባላል ላልከው፣ ኃላፊ ጊዜው ሁለቴ ስለተነገረ ነው። «ዲድ» አንዴ ከያዘው ዋናው ግስ ወደ መነሻው ይመለሳል፦ «አይ ዲድ ኖት ጎ»። ጥያቄም ያው ነው፦ «ዲድ ዩ ጎ?»

ከባዱ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው፣ «ሶው» እና «ሃቭ ሲን» መቼ መቼ ይባላሉ ያልከው። «ሶው»ን «አየሁ»፣ «ሃቭ ሲን»ን «አይቻለሁ» እያልክ ብትጀምር መልካም ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አያደርስህም። በአማርኛ «ትናንት ጢስ ዓባይን አይቻለሁ» ብትል ማንም አያርምህም። እንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ባለበት «ሃቭ ሲን»ን አይቀበልም። ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ በ2010፣ ብቻ ያለቀ ጊዜ ከተጠራ «ሶው» ነው። መቼ እንደሆነ ካልተነገረ «አይ ሃቭ ሲን ጢስ ዓባይ» ትላለህ።

አሉታው ላይ በጣም ተጠንቀቅ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የ«አየሁ»ም የ«አይቻለሁ»ም አሉታ «አላየሁም» ስለሆነ አማርኛው አይለይልህም። «እስካሁን» የሚል ቃል ጨምርበት፤ ከገባ «አይ ሃቭ ኖት ሲን»፣ የሚገባው «ትናንት» ከሆነ «አይ ዲድ ኖት ሲ»።

ግሶቹን ስትይዝ ሦስቱንም ባንድ ላይ ያዝ፦ ሲ፣ ሶው፣ ሲን።