መልስ፦ ቻናል 4 እና 5 እየገቡ ቻናል 7 እና 9 እምቢ ላሉብህ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ ቴሌቪዥን በአንቴና ስታይ ቻናል 4 እና 5 ጥርት ብለው እየገቡ 7 እና 9 የሚቆራረጡብህ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ አይደለም። ችግሩ መስኮት ላይ የለጠፍከው ጠፍጣፋ አንቴና ነው። በዋሽንግተን አካባቢ 4 እና 5 የሚተላለፉት በዩኤችኤፍ (አጭር ሞገድ ባለው የስርጭት ክልል) ነው። 7 እና 9 ግን ዛሬም ቪኤችኤፍ በሚባለው ሌላ የስርጭት ክልል ላይ ናቸው። ሞገዳቸው ረጅም ስለሆነ ረዘም ያለ ዘንግ ይፈልጋሉ።

ሁለት ዘንግ ያለውን ርካሹን የቤት ውስጥ አንቴና ግዛ። ከዚያ፦

1. እያንዳንዱን ዘንግ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ስበህ ግራና ቀኝ አጋድመው። ጫፉን ወደ ማሰራጫው አታዙር፤ ሞገዱን የሚቀበለው በጎኑ ነው።

2. የ7 እና የ9 ማሰራጫ ቴንሊታውን የሚባለው የዋሽንግተን ሰፈር ነው፣ ካንተ ወደ ደቡብ ምዕራብ። በዚያ በኩል መስኮት ካለህ እዚያ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው።

3. ቻናሎቹን እንደ አዲስ ስካን አድርግ። ከዚያ 7 ላይ ሆነህ አንቴናውን ትንሽ ትንሽ አዙር፤ ባዞርክ ቁጥር ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። ዲጂታል ስለሆነ ለውጡ ወዲያው አይታይም። ቴሌቪዥንህ የሲግናል መጠን የሚያሳይ ሜኑ ካለው ሥራው በጣም ይቀልልሃል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አምፕሊፋየር (ሲግናል ማጉያ) ለመግዛት አትቸኩል። የጓደኞቼን ቤት ሳስተካክል ደጋግሜ ያየሁት ነው። ማሰራጫው ቅርብ ሲሆን ሲግናሉ ከልክ በላይ ይጠነክርና ቲዩነሩን (ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲግናሉን የሚቀበለውን ክፍል) ያጨናንቀዋል፣ ደህና የነበሩት ቻናሎችም ይጠፋሉ። ከአንቴናው ጋር አብሮ የመጣ ካለ መጀመሪያ ነቅለህ ሞክር።