ከቦሌ ከመነሳታችሁ በፊት፦ ስለ ውጭ ሲም ጠይቁኝ

ዕቃ ለማምጣት ዱባይ፣ ናይሮቢ፣ ኢስታንቡልና ጓንዡ መመላለስ ከጀመርኩ ቆየሁ። ስለ ሲም አወጣጥ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ አራት ኪሎ ማክያቶዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እስኪመሽ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱባይ ልሄድ ነው። ሲሙን ኤርፖርት ላውጣ ወይስ ከተማ?

መልስ፦ ፓስፖርትሽን ከያዝሽ ኤርፖርትም ይጨርሱልሻል። ትልቁን ጥቅል ግን ከተማ ያለውን ዋጋ ሳታዪ አትግዢ። የሚያናድድሽ ሌላ ነው፤ እዚያ በዋትስአፕ መደወል አይቻልም። ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ይሄዳል፤ ጥሪው ነው የተዘጋው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ቦቲም የሚባለውን መደወያ አፕ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። እናትሽ ስልክ ላይ ዛሬውኑ ጫኚላቸው። ከደረስኩ በኋላ ደውዬ አስረዳቸዋለሁ ብትይ፣ በምን ልትደውዪ?

ጥያቄ፦ የባንኬ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአገር ቤቱ ሲም ነው። የውጭውን ሳስገባ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ይሄን የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነበር! አንዴ ናይሮቢ ሲሜን ነቅዬ ሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ከጥፍር የማትበልጥ ነገር፣ ማታ ስመለስ የለችም። ገንዘቤ ባንክ ቁጭ ብሎ እኔ ከሰው ተበድሬ ተመለስኩ። ስለዚህ ሁለት ሲም የሚወስድ ቀፎ ያዝና የአገር ቤቱን ጨርሶ አትንቀል። ከመሄድህ በፊት ሮሚንግ፣ ማለትም የአገር ቤቱ ሲም ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት፣ መከፈቱን አረጋግጥ፤ እዚያ ስትደርስ ግን በዚህ ሲም ዳታ ሮሚንጉን ዝጋ፣ አለዚያ ሂሳብህን ጠራርጎ ይበላዋል። ኢንተርኔቱ በውጭው ሲም ይሁን። ዋትስአፕ ቁጥር ልቀይርልህ ካለህም እምቢ በል፤ በድሮው ቁጥርህ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጓንዡ ላይስ?

መልስ፦ በቻይና ሲም ቴሌግራም የለም፣ ዋትስአፕ የለም፣ ጉግልም የለም። በሌላ አገር ሲም ሮሚንግ ስትጠቀም ግን ዳታው በሲሙ አገር በኩል ዞሮ ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታሉ። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ፤ የቻይናውን ለፋብሪካዎቹና ለዊቻት፣ ሌላውን ለቤተሰብ።

ጥያቄ፦ ኢስታንቡልስ?

መልስ፦ ሲሙ አያስቸግርም፣ ቀፎው ነው። ከውጭ የገባ ስልክ በቱርክ ሲም የሚሠራው 120 ቀን ነው፤ ከዚያ ካልተመዘገበ ይዘጋል፣ የምዝገባው ክፍያም የሚቀመስ አይደለም። ለሳምንት የሚሄድ ሰው አያስጨንቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድ ለንደን ሁለት ወር ልቆይ ነው። ፓስፖርት ይዤ ልሰለፍ?

መልስ፦ የለም እናቴ፣ እንግሊዝ መታወቂያ አይጠይቁዎትም፤ ከሱፐርማርኬት እንደ ዳቦ አንስተው ይወጣሉ። ጀርመን ጎራ ካሉ ግን እዚያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንነት ሳይረጋገጥ ሲም አይከፈትም፤ ፓስፖርትዎን ይዘው የቴሌኮም ኩባንያ ሱቅ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቼ ሲም ልገዛ ስል አይፎኔ ማስገቢያ እንኳ የለውም!

መልስ፦ እዚያ የሚሸጡት ከ14 ጀምሮ የላቸውም፤ ኢ-ሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ፣ የማይነቀል ሲም ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ኢ-ሲም ስላለው ፓስፖርትህን ይዘህ ሂድ። ስልኩን ገና በየወሩ እየከፈልክበት ከሆነ ግን ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ያን የሚከፍትልህ እዚያው ያለው ኩባንያህ ነው። «በአምስት ደቂቃ እከፍትልሃለሁ» የሚልህን የመርካቶ ልጅ እለፈው። ካልሆነ ርካሽ ቀፎ ገዝተህ በ09 ወይም በ07 ሰንብት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዱባይዋ ነኝ። የሲም መንቀያዋ መርፌ ብትጠፋብኝስ?

መልስ፦ የጆሮ ጌጥ አታደርጊም እንዴ?