መልስ፦ የጭላዳ ደረት ለምን ቀይ ሆነ?

ጭላዳ ዝንጀሮ ነው ወይ፣ ደረቱስ ቆስሎ ነው ወይ ላልከው፦ የዝንጀሮ የቅርብ ዘመድ ነው እንጂ ራሱ ዝንጀሮ አይደለም። በዱር የሚኖረውም ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ወይ መንዝ ጓሳ ብትሄድ ታየዋለህ።

ደረቱ ደግሞ አልቆሰለም! ፀጉር የሌለው ቆዳ ነው። ወንዱ ላይ ቅላቱ ከማዕረጉ ጋር ይሄዳል፣ ሚስቶች ያሉት አውራ ከላጤው ይበልጥ ደመቅ ይላል። ሴቷም አላት፣ ወንድ በሚያምራት ጊዜ ዙሪያውን እንደ ዶቃ ያሉ እብጠቶች ይወጡባታል። ጎፈሩ ግን የወንዱ ብቻ ነው፣ አንበሳ ነኝ ባይ ያስመስለዋል።

ቤተሰቡ አንድ አውራ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎች ናቸው። አውራው አዛዥ ይመስልሃል፣ ግን ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እህትማማች ሆነው አብረው የሚኖሩ ዘመዳሞች ናቸው፣ እሱ ነው መጤው፤ ጉልበቱ ሲደክም ላጤዎቹ መጥተው ያባርሩታል። ብዙ ቤተሰቦች አንድ ላይ ሲግጡ በመቶዎች ይቆጠራሉ። አዎ፣ ሲግጡ! ዋና ምግባቸው ሳር ነው፤ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየነጩ ነው የሚውሉት። ማታ ገደል ላይ ያድራሉ።

ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን ካሳየህ እየሳቀልህ እንዳይመስልህ። ራቅ በል።