አንዱ ሰርቨር ሲነቀል ሌላው ዲስኩን ለምን ያጣል?

ወንድሜ፣ ሁለት ሰርቨሮችዎ በአንድ የስካዚ መስመር (ኮምፒውተሮችንና ዲስኮችን በአንድ ገመድ በተርታ የሚያገናኝ የቀድሞ ዘዴ) አንድ የዲስክ ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያስተዳድር ዕቃ) እንደሚጋሩ፣ አንዱን ለጥገና ሲነቅሉት ሌላውም ዲስኮቹን እንደሚያጣ ጽፈዋል፤ ኮንትሮለሩንም ጠርጥረዋል። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ይስሙኝ። እኔ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ከዚሁ ችግር ጋር ሦስት ሌሊት ታግያለሁ። ኮንትሮለሩን ቀየርን፤ ምንም አልተለወጠም።

የስካዚ መስመር ተርሚኔተር (የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከጫፉ እንዳይመለስ የሚያደርግ መዝጊያ) የሚፈልገው በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ብቻ ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነ ምልክቱ ተመልሶ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። የእኛ ኮንትሮለር መሃል ላይ ነበር፤ ጫፎቹ ሁለቱ ሰርቨሮች ናቸው፤ ተርሚኔተሮቹ ደግሞ መስመሩ በሚሰካባቸው የስካዚ ካርዶቻቸው ውስጥ። እንግዲህ ሰርቨሩን ስንነቅል የመስመሩንም ጫፍ አብረን ነቅለን ነበር።

መፍትሔው የሁለቱንም ካርዶች የውስጥ ተርሚኔተር አጥፍቶ በየካርዱ ላይ የዋይ (Y) ቅርጽ ያለው ኬብል መሰካት ነው። አንዱ ክንፍ ወደ ኮንትሮለሩ ይሄዳል፤ በሌላው ላይ የውጭ ተርሚኔተር ይገባል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ከዋዩ ቢያላቅቁት መስመሩ አይነካም። ዋዩን በቀጥታ ካርዱ ላይ ይሰኩት፤ ቅጥያ አይጨምሩበት። መሃል ያለው የኮንትሮለሩ ተርሚኔተርም መጥፋቱን ያረጋግጡ። የውጭ ተርሚኔተሩ ኃይል የሚያገኘው ከመስመሩ ስለሆነ፣ ሁለቱም ካርዶች ይህን ኃይል እንዲሰጡ ያድርጉ፤ አለበለዚያ አንዱ ሲጠፋ ተርሚኔተሩም ሥራውን ያቆማል።

ተርሚኔተር ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ሱቅ ለሱቅ ዞሬያለሁ። አንድ ነጋዴ የፕሪንተር ገመድ ይዞልኝ መጣ፤ ደግነቱን አልረሳም። በመጨረሻ የተገኘው እዚያው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ከተጣለ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው።

ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጡ በመስመሩ ላይ የሚለዩበት ቁጥር 7 ነው። ሁለቱን ሳያገናኙ የአንዱን ወደ 6 ይቀይሩ። በመስመሩ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ከ7 ወደ 0፣ ቀጥሎም ከ15 ወደ 8 ነው፤ የኮንትሮለሩን ቁጥር ከ6 በታች ያድርጉት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። እንደ ዲጂታል ኩባንያው ኤችኤስዜድ 50 ያሉ የቀድሞ ኮንትሮለሮች ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ዲፈረንሻል (ምልክቱን በጥንድ ሽቦ የሚልክ) ስካዚ ይጠቀማሉ። ሶኬቱ ከዝቅተኛው ቮልቴጅ ጋር አንድ ዓይነት ባለ 68 እግር ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ ሁለቱን ማቀላቀል ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ከሶኬቱ አጠገብ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። የከፍተኛው መስመር ርዝመት እስከ 25 ሜትር፣ የዝቅተኛው እስከ 12 ሜትር ነው።

ሁሉንም ኃይል አጥፍተው ያገናኙ። መጠባበቂያ ቅጂ ከያዙ በኋላ በአንዱ ሰርቨር ፋይል እየጻፉ ሌላውን አጥፍተው ከዋዩ ያላቅቁት። የክላስተር ሶፍትዌር (ሰርቨሮቹ ዲስኩን ሲጋሩ የሚያስተባብር ፕሮግራም) ሳይኖር ግን ሁለቱ ሰርቨሮች አንዱን ዲስክ በአንድ ጊዜ እንዲከፍቱት አይፍቀዱ፤ የፋይል ሥርዓቱ ይበላሻል።